ስለ ሳትሱኪ ፉጂሳዋ የተጻፈው ልክ አይደለም

ሰሞኑን ሦስት ጓደኞቼ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ላኩልኝ። ስለ ጃፓናዊቷ የከርሊንግ ተጫዋች ስለ ሳትሱኪ ፉጂሳዋ የተጻፈ ነው። የምኖረው ካናዳ፣ ኤድመንተን ነው። ብርዱ በገባ ቁጥር ከርሊንግ እንደምከታተል ስለሚያውቁ "ምን ትላለህ?" ብለው ነው። ሁለቴ አነበብኩት። ሁለቴም አናደደኝ።

የጸሐፊው ሐሳብ ባጭሩ ይሄ ነው። ከርሊንግ በረዶ መጥረግ እንጂ ስፖርት አይደለም። ፉጂሳዋ በ2018 ኦሎምፒክ ነሐስ ያገኘችው "እንግሊዛዊቷ" ስለሳተችላት ነው። በ2022 ብር ያገኘችውም ሌሎች ስለተሸነፉላት ነው። ዝነኛ ያደረጓት ፈገግታዋና የምትበላው ኬክ ናቸው። አሳድጎ ያወጣትን ቡድን ትታ ሄዳለች። ኋላም ሰውነት ግንባታ ውስጥ ገብታ ትኩረቷ ተበተነ። ለ2026 ኦሎምፒክም ሳታልፍ ቀረች፤ የ"ወጣቷ ተስፋ" ታሪክ በዚሁ ተዘጋ። ከኦሎምፒክ ውጭ ደግሞ የረባ ድል የላትም።

ጸሐፊውን በግል አላውቃቸውም። ክፉ አስበው እንዳልጻፉም እገምታለሁ። ግን የአንድን ሰው የ15 ዓመት ልፋት በአንድ ገጽ "ዕድል ነው" ብሎ መዝጋት ከባድ ነገር ነው። ስለዚህ ልመልስ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ "ስፖርት አይደለም" የሚለው። ጨዋታውን አይቶ ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ላስረዳ። ድንጋዩ ግራናይት ነው፤ ክብደቱ ወደ 20 ኪሎ ይጠጋል። ተጫዋቿ ከመነሻው ተስፈንጥራ በአንድ ጉልበቷ ዝቅ ብላ እየተንሸራተተች ትለቀዋለች። ድንጋዩ 45 ሜትር ገደማ በሚረዝም የበረዶ ሜዳ ላይ ተጉዞ ማዶ ካለው ክብ ውስጥ መቆም አለበት። ክቡን "ቤት" ይሉታል። ሲለቁት በእጃቸው ትንሽ ስለሚያዞሩት ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ እየተዳከመ ሲመጣ ይታጠፋል። ሁለት ተጫዋቾች ከፊት ከፊቱ እየሮጡ በረዶውን በመጥረጊያ ይፈትጋሉ። ፍትጊያው በረዶውን ለቅጽበት ያሞቀዋል። ያኔ ድንጋዩ ይርቃል፣ መታጠፉም ይቀንሳል።

ሰፈራችን ያለ ክለብ ሄጄ ሞክሬዋለሁ። አንድ ድንጋይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠርጌ ስጨርስ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ አለ። እነሱ ይህን እያደረጉ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያሉ። በኦሎምፒክ ደግሞ ቀን ሁለቴ የሚጫወቱበት ጊዜ አለ።

ፉጂሳዋ ስኪፕ ናት። ስኪፕ ማለት የቡድኑ አለቃ ነው። ሌሎቹ ሲወረውሩ ማዶ ቤቱ ውስጥ ቆማ ዒላማውን ታሳያለች። በረዶው የት ጋ እንደሚያፈጥን፣ የት ጋ እንደሚይዝ የምታነበው እሷ ናት። በእያንዳንዱ ዙር አንድ ቡድን 8 ድንጋይ አለው፤ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን የምትወረውረው እሷ ናት። ሦስቱ ጓደኞቿ የሠሩትን ወይ ትጨርሰዋለች፣ ወይ ታበላሸዋለች። ኳስ ለሚወድ አንባቢ ልንገረው፦ በየጨዋታው አሥር ጊዜ የመጨረሻዋን ፍጹም ቅጣት ምት እንደ መምታት ነው። ይህን ይዘን ወደ 2018 እንሂድ።

ጸሐፊው በጣም ያጠበቁት እዚህ ላይ ነው። ቦታው ደቡብ ኮሪያ፣ ጋንግኔንግ፤ ወሩ ፌብሩዋሪ ነው። ለነሐስ ጃፓንና ብሪታኒያ ተገናኙ። የብሪታኒያ ስኪፕ ኢቭ ሙይርሄድ ነበረች። (እንግሊዛዊት አይደለችም፤ ስኮትላንዳዊት ናት። ስኮትላንድ የከርሊንግ አገር ስለሆነች ልዩነቱ ትንሽ አይደለም።) በአሥረኛው ዙር የመጨረሻው ድንጋይ በሙይርሄድ እጅ ነበር። ወረወረች፤ አልሆነላትም። ጃፓን 5 ለ 3 አሸነፈች። ለጃፓን በከርሊንግ የመጀመሪያዋ የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ናት። እስከዚህ ድረስ ጸሐፊው ልክ ናቸው።

የዘለሉት ግን ዋናውን ነው። ከስምንተኛው ዙር በኋላ ውጤቱ 3 ለ 3 ነበር። በከርሊንግ የመጨረሻውን ድንጋይ የያዘ ቡድን ትልቅ ብልጫ አለው። ያንን ሳይዙ ነጥብ ማግኘት "መስረቅ" ይባላል፤ ስሙ ራሱ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይናገራል። ጃፓኖች በዘጠነኛው ዙር ሰረቁ። በአሥረኛውም ሰረቁ። ሙይርሄድ ቀላል ምት ስታለች የሚል ሰው ካለ ያንን ዙር ከመጀመሪያው ድንጋይ ጀምሮ ይመልከተው። ለማሸነፍ አስቸጋሪ ምት መምታት ግድ ሆኖባት ነበር። እዚያ አጣብቂኝ ውስጥ ያስገባት ማን ነው? ቀድመው የተወረወሩት የጃፓን ድንጋዮች ናቸው። ተጋጣሚን የሚያስፈራ ምት ላይ መጣል የስኪፕ ሥራ ነው። ክብሯን የምታገኘውም ለዚያ ነው።

ሌላም አለ። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን በግማሽ ፍጻሜ ከአዘጋጇ ኮሪያ ጋር ተጫውተው ነበር። ሜዳው ሁሉ ለኮሪያ ነው የሚጮኸው። ጃፓን ከኋላ ተነስታ በአሥረኛው ዙር ሰርቃ 7 ለ 7 አደረገችው። በጭማሪው ዙር 8 ለ 7 ተሸነፈች። ኮሪያ በምድብ ጨዋታ ከዘጠኝ አንድ ብቻ ነው የተሸነፈችው፤ ያሸነፈቻት ጃፓን ነበረች። እንዲህ ባለ ሽንፈት ማግስት ተነስቶ ለነሐስ መጫወት ምን እንደሚመስል ጸሐፊው አንድ መስመር አልጻፉበትም።

ወደ ቤጂንግ፣ 2022። "ሌሎች ተሸንፈውላት አለፈች" ይላሉ። እዚህ ጋ ግማሽ እውነት አለ፤ አልክድም። የምድቡ የመጨረሻ ጨዋታ ላይ ጃፓን በስዊዘርላንድ 8 ለ 4 ተሸነፈች። ልጆቹ አበቃልን ብለው አለቀሱ። በዚያው ሰዓት ኮሪያ በስዊድን ባትሸነፍ ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር። ያ በጃፓን እጅ አልነበረም።

ግን ሦስት ቡድኖች እኩል 5 አሸንፈው 4 ተሸንፈው ጨርሰዋል፦ ብሪታኒያ፣ ጃፓንና ካናዳ። እርስ በርስ ደግሞ እያንዳንዳቸው አንዱን አሸንፈው በሌላው ተሸንፈዋል። ታዲያ በምን ተለዩ? በዕጣ አይደለም። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በፊት ቡድኖች ድንጋይ ወደ ቤቱ መሃል ይወረውራሉ፤ ከመሃሉ ያለው ርቀት በሴንቲሜትር ይለካል። ከምድቡ ጨዋታዎች ልኬት አማካይ ይወጣል። እኩል ሲመጡ ዳኛው ያ ነው። ማንም ካሜራ በማያተኩርበት ሰዓት፣ ገና ጨዋታው ሳይጀመር በተወረወሩ ድንጋዮች ካናዳ ወደ ቤቷ ሄደች፤ ጃፓን ቀረች። ጥንቃቄ እንጂ ዕድል ብዬ አልጠራውም።

ከዚያስ? በማግስቱ ግማሽ ፍጻሜ ላይ ያጋጠማት ያችው ስዊዘርላንድ ናት። የዓለም ሻምፒዮን የነበረች፣ ትናንት 8 ለ 4 ያሸነፈቻት ስዊዘርላንድ። ጃፓን 8 ለ 6 አሸነፈች። አንድ ሌሊት ብቻ ነው በመካከል ያለው። ሌሊቱን እንባዋን ጠርጋ፣ ያንኑ ተጋጣሚ እንደገና አጥንታ የመጣችውን ስኪፕ "ሌሎች ተሸንፈውላት" ማለት ምን ይባላል?

የፍጻሜው ነገር እውነት ነው፤ 10 ለ 3 ነው የተሸነፉት። ከባድ ሽንፈት ነው፤ ላለሳልሰው አልፈልግም። ግን ያሸነፈችው ማን እንደሆነች ጸሐፊው ልብ አላሉም። ኢቭ ሙይርሄድ ናት። ያችው በ2018 "የሳተችው"። እንግዲህ ሙይርሄድ በ2022 ወርቅ ስትወስድ ጎበዝ ከሆነች፣ በ2018 ያሸነፋት ሰው ባለ ዕድል ብቻ ሊሆን አይችልም። አንዱን መምረጥ አለባቸው።

ስለ ፈገግታውና ስለ ኬኩ። በ2018 ጃፓን ውስጥ ሁለት ነገሮች ሰዉን እብድ አድርገዋል። አንደኛው "ሶዳ ኔ" የሚለው የሰሜናዊቷ ደሴት የሆካይዶ አነጋገር ነው፤ "አዎ፣ ልክ ነሽ" እንደማለት ነው። የዚያ ዓመት የጃፓን ምርጥ ቃል ተብሎ ተሸልሟል። ሁለተኛው በአምስተኛው ዙር ዕረፍት ላይ ቁጭ ብለው የሚበሉት ነገር ነው። ከሰፈራቸው ከኪታሚ የመጣ ትንሽ የቺዝ ኬክ ነበር፤ ከየሱቁ አለቀ።

እነሱ ይህን ለካሜራ አላዘጋጁትም። ተጫዋቾቹ ላይ ማይክ ስለሚደረግ የሚሉት ሁሉ ይሰማል። "ሶዳ ኔ" ሲሉ የነበሩት ስለ ድንጋዩ ፍጥነት ሲመካከሩ ነው። አንዷ "ይደርሳል?" ትላለች፣ ሌላዋ ትስማማለች ወይም ታርማለች። አራቱም በየምቱ ያወራሉ። ፉጂሳዋ አዛዥ ሆና ሳለ የትንሿንም ሐሳብ ትሰማለች። ብዙ ስኪፖች እንዲህ አይደሉም። ሕዝቡ የወደደው ድምፁን ነው፤ ከድምፁ ሥር ያለው ግን ሥራ ነው። ኬኩም ቢሆን ለሦስት ሰዓት የሚጠጋ ጨዋታ ጉልበት ነው። የማራቶን ሯጭ ውሃ ሲጠጣ ማንም "ውሃው ነው ዝነኛ ያደረገው" አይልም።

አሁን በጣም ያሳዘነኝ ነጥብ ላይ ደረስኩ። "አሳድጎ ያወጣትን ቡድን ትታ ሄደች" የሚለው። ይሄ የሰው ስም የሚነካ ነገር ነው።

ፉጂሳዋ የተወለደችው በ1991 ነው፤ በሰሜናዊቷ የጃፓን ደሴት በሆካይዶ፣ ኪታሚ ከተማ። በልጅነቷ ነው ከርሊንግ የጀመረችው። ሁለተኛ ደረጃ እንደጨረሰች ከአገሯ ርቃ ወደ ዋናው ደሴት ሄደች፤ ናጋኖ ውስጥ ካሩይዛዋ ለሚገኘው ለቹቡ ኤሌክትሪክ ቡድን ተጫወተች። በ2011 የአገሪቱን ሻምፒዮና በስኪፕነት ስታሸንፍ ገና 19 ዓመቷ ነበር። ከዚያ በ2012፣ በ2013፣ በ2014 ደገመችው። አራት ተከታታይ ዋንጫ! በ2013 ሪጋ ላይ በዓለም ሻምፒዮና ተሰለፈች። እንግዲህ "አሳደጋት" የተባለው ቡድን እሷም አራት ዋንጫ አስታቅፋዋለች። ዕዳዋን ከፍላለች።

በዚያው በ2013 መስከረም ላይ ግን ለሶቺ ኦሎምፒክ የሚወስደው የአገር ውስጥ ውድድር ሳፖሮ ላይ ተደረገ። ሁሉም ሰው ቹቡ ያሸንፋል ብሎ ነበር። ተሸነፈች። ሆካይዶ ባንክ የሚባለው ቡድን ወደ ሶቺ ሄደ። 22 ዓመቷ ነበር። የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆና ኦሎምፒክን በቴሌቪዥን ነው ያየችው። ስለ እሷ የሚጽፍ ሰው ይህን ዓመት ሳያነሳ ማለፍ የለበትም፤ ከዚያ በኋላ የመጣውን ነገር ሁሉ የሠራው ይህ ይመስለኛል።

በ2015 ወደ ቤቷ ተመለሰች። "ትታ ሄደች" የተባለው ይሄ ነው። የተመለሰችው ወደ ሎኮ ሶላሬ ነው። ቡድኑን በ2010 የመሠረተችው ማሪ ሞቶሃሺ ናት፤ እሷ ራሷ ሁለት ኦሎምፒክ የተጫወተች ዝነኛ ሴት ናት። ቦታው ቶኮሮ ይባላል፤ ዛሬ የኪታሚ አካል ነው። ከባሕር ዳር ያለ፣ በአሣና ስካሎፕ በሚባል ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ የሚኖር ትንሽ ቦታ ነው። የስሙ የመጀመሪያ ክፍል "የቶኮሮ ልጆች" ከሚለው የመጣ ነው፤ ሶላሬ ደግሞ በጣሊያንኛ የፀሐይ ማለት ነው። የከተማ ኩባንያ ቡድንን ትቶ እንዲህ ያለ ቦታ መግባት ለጥቅም የሚደረግ ነገር አይመስለኝም። ሞቶሃሺም ብትሆን ቡድኑን መሥርታ ሳለ በ2018 ተጠባባቂ ሆና ወንበር ላይ ቁጭ ብላለች። መሥራቿ ቦታዋን ለፉጂሳዋ ስትለቅ፣ እኛ ከሩቅ ሆነን ታማኝነቷን የምንመዝነው በምን ሚዛን ነው?

ውጤቱም ወዲያው መጣ። በመጀመሪያው የውድድር ዓመት፣ በ2016፣ የጃፓን ሻምፒዮና አሸነፉ። በመጋቢት ካናዳ፣ ስዊፍት ከረንት ላይ የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ደረሱ። በስዊዘርላንድ ተሸንፈው ብር ወሰዱ። ጃፓን በዓለም ሻምፒዮና ሜዳሊያ ስታገኝ የመጀመሪያዋ ነበር። ፉጂሳዋ 24 ዓመቷ ነበር። ሙይርሄድ ሳተች ከመባሉ ሁለት ዓመት በፊት ነው ይሄ።

ከ2018 በኋላ ቶኮሮ ሲመለሱ የቡድኗ ጓደኛ ቺናሚ ዮሺዳ ለነዋሪው የተናገረችው አይረሳኝም። በዚህ ከተማ ምንም የለም፣ ልጅ እያለሁ እዚህ ሆኜ ሕልሜ አይሳካም ብዬ አስብ ነበር፣ አሁን ግን እዚህ ባልኖር ኖሮ አይሳካም ነበር ብዬ አምናለሁ ነው ያለችው።

ስለ ሰውነት ግንባታው በአጭሩ። በጁላይ 2023 ተወዳድራለች፤ ፎቶዋም ዓለምን ዞሯል። ከርሊንግ በሙቀቱ ወራት አይጫወቱም፤ ዕረፍት ነው። በዕረፍቷ ለወራት ክብደት አንስታ፣ ምግቧን ለክታ ጡንቻ ያወጣች ስፖርተኛ ምኑ ላይ ነው የሰነፈችው? ሌላው በዕረፍቱ ሲተኛ ማንም አይጽፍበትም።

ቀጥሎ 2026። "ታሪኳ ተዘጋ" ያሉበት። በመስከረም 2025 ዋካናይ ላይ የጃፓንን ተወካይ ለመምረጥ ውድድር ተደረገ፤ ሎኮ ሶላሬ አልተሳካለትም። ፎርቲየስ የሚባለው ቡድን አሸነፈ፤ በታኅሣሥ ካናዳ ኬሎውና ላይም የኦሎምፒክ ቦታውን አገኘ። ጸሐፊው "ስም በሌለው ቡድን ተሸነፈች" ብለዋል። ይህ ለፉጂሳዋም ለፎርቲየስም ፍትሐዊ አይደለም።

የፎርቲየስ ስኪፕ ሳያካ ዮሺሙራ ናት። በ2021 መስከረም ላይ እዚያው ዋካናይ፣ ያኔ በሆካይዶ ባንክ ስም፣ ከፉጂሳዋ ጋር ተገናኝተው ነበር። ሦስት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ያልፋል። ዮሺሙራ ሁለቱን ቀድማ አሸነፈች። አንድ ብቻ ቀራት። ፉጂሳዋ ሦስቱን በተከታታይ አሸንፋ ወሰደችባት። ቤጂንግና ብሩ የመጡት ከዚያ ነው። ዮሺሙራ ከዚያ በኋላ የባንኩን ድጋፍ አጣች፤ ቡድኑን በአዲስ ስም ይዛ አራት ዓመት ለፋች። ስም የሌላት አይደለችም፤ የጠበቀች ናት። በ2025 ዮሺሙራ ይገባት ነበር ብል ፉጂሳዋን ማሳነስ አይደለም። ሳፖሮ ላይ የ22 ዓመቷ ልጅ የቀመሰችውን፣ ዋካናይ ላይ የ34 ዓመቷ ሴት ደግማ ቀምሳዋለች። የመጀመሪያው አልዘጋትም። ሁለተኛው ዘግቷታል የሚለውን ለመጻፍ ገና ነው፤ ብዙ ስኪፖች ዕድሜያቸው 40 ሲጠጋም በትልልቅ ውድድር ይጫወታሉ። በቤጂንግ የራሷ ቡድን ተጠባባቂ ኮቶሚ ኢሺዛኪ 43 ዓመቷ ነበር።

የመጨረሻው ነጥብ "ከኦሎምፒክ ውጭ የረባ ድል የላትም" የሚለው ነው። የጃፓን ሻምፒዮናውን ከቹቡ ጋር አራት ጊዜ፣ ከሎኮ ሶላሬ ጋር ደግሞ በ2016፣ በ2020፣ በ2022ና በ2023 አሸንፋለች። የ2016ቱን የዓለም ብር ጠቅሻለሁ። አንድ ቀርቷል፤ እሱ ደግሞ ለእኔ ከሁሉም ይቀርበኛል።

የምኖርባት የካናዳ ግዛት አልበርታና ሆካይዶ ከ1980 ጀምሮ እህትማማች ናቸው። ከርሊንግ ቶኮሮ የደረሰው በዚያው ሰሞን፣ ከዚሁ ከእኛ ግዛት በሄደ ዕውቀት ነው። እውነተኛ ድንጋይ አልነበራቸውም። የቶኮሮ ሰዎች በቢራ በርሜል ነው የጀመሩት። በ1988 በጃፓን የመጀመሪያው ባለ ጣሪያ የከርሊንግ አዳራሽ እዚያ ተሠራ። ፉጂሳዋ ከዚያ በረዶ ላይ ነው የወጣችው።

በጃንዋሪ 2023 ግራንድ ስላም ከሚባሉት የከርሊንግ ትልልቅ ውድድሮች አንዱ፣ ካናዲያን ኦፕን፣ ካምሮዝ ላይ ተደረገ። ካምሮዝ ከኤድመንተን በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ናት። ሥራ ላይ ስለነበርኩ ፍጻሜውን በስልኬ ነው ያየሁት። ተጋጣሚዋ ኬሪ አይናርሰን ነበረች፤ የካናዳ ሻምፒዮን፣ ያውም በአገሯ በረዶ ላይ። ፉጂሳዋ 5 ለ 3 አሸነፈች። ከእስያ የመጣ ቡድን ግራንድ ስላም ሲያነሳ ያ የመጀመሪያው ነበር።